የሙንተሃ ልክ

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣
ሜትር አንገቴ ላይ ጥዬ እሰፋለሁ።
የልጅ ልብስ ስቆርጥ ሁልጊዜ ትርፍ አለው፤
ከጫፉ አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፋለሁ፣
ልጅ ነውና ያድጋል፣ ነገ እፈታዋለሁ።
እናቶችም ያውቃሉ፤ "ትርፉን አደራሽን!"

አንቺም እንደዚያ ነበርሽ፣ ሙንተሃ።
ዩኒፎርምሽን በየመስከረሙ እፈታው ነበር፣
ክረምቱ ያበቀለሽን ያህል፣
እንደ ጅማ ሣር።

አምና ለዒድ ልብስ ልክሽን ስወስድ
"ተመቸሽ!" አልኩሽ፣ "ወገብሽ ሞላ።"
በኛ ቤት ቋንቋ ምርቃት ነበረ።
አንቺ ግን መስታወቱ ውስጥ
የማታውቂው ሰው የቆመ ይመስል ዞር አልሽ።
(ሐኪሟ በኋላ "ከአንድ ቃል አይመጣም" አለችኝ፤
"ሥሩ ብዙ ነው፣ ራስሽን አትክሰሺ።"
እሺ አልኳት። እጄ ግን እሺ አላለኝም።)

ከዚያ ልብሱን ይዘሽ መጣሽ፤ "ትንሽ አጥቢልኝ።"
በወሩ ደግሞ፤ "ትንሽ።"
ጎረቤት "አማረባት" አለ፤
ጓደኞችሽ ምስጢሩን ጠየቁሽ።
አባትሽ አባ መጫ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ
"ልጄ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች" እያለ ኮራ።
ማክሰኞም ጾምሽ። ዓርብም።
አዛኑ ይሰማል፣ ቴምሩ ይዞራል፣
አንቺ ውሃ ተጎንጭተሽ "በላሁ" ትያለሽ።
ጾም ማፍጠሪያ አለው፤
ያንቺ ጀንበር ግን አልጠልቅ አለች።

በየካቲት ፀሐይ ሹራብ ደርበሽ መጣሽ።
ክንድሽ ላይ እንደ ጫጩት ለጋ ጸጉር፣
ብርድ የፈራ ገላ ለራሱ የሸመነው ጋቢ።
የራስሽ ጸጉር ደግሞ ከክሬ ጋር ተጠቅልሎ ወጣ፤
የትኛውን እንደምበጥስ ግራ ገባኝ።
"አበባዬ ከቀረ አምስት ወሩ" አልሽኝ በጆሮዬ፣
"ስማርም ፊደሉ ይሸሸኛል። ግን ደህና ነኝ።"
ወዲያው ወደ መስታወቱ፤ "ልክ ነኝ አይደል?"
ሃያ ዓመት ልክ ስወስድ የኖርኩት ሴትዮ
መልስ አጣሁ።

ሰፈሩ "ዓይን ነው" አለ፣ ገሚሱ "ጂን።"
አክስትሽ ከጅሬን ማር ላከች፤
እንደታሸገ መስኮቱ ሥር ከረመ።
አንድ ሐሙስ ገበያው መሐል ወደቅሽ፣
ከቲማቲም ሻጯ መደብ አጠገብ።
ባጃጁ ውስጥ ጭኔ ላይ ተኛሽ፤
ጥቅል አቡጀዴ ከዚያ ይከብዳል።
ሆስፒታል ጣትሽ ላይ ቀይ መብራት አሰሩ።
ልብሽ እንደ አሮጌ መኪናዬ፣
ይመታል፣
ቆመ ብዬ ስደነግጥ፣
ይመታል።
እናትሽ ኮሪደሩ ላይ የምግብ ሳህን በፌስታል ይዛ፣
ለማን እንዳመጣችው የጠፋባት መስላ ቆማለች።

አሁን ክረምት ነው። አዌቱ ደፍርሶ ይወርዳል።
በማንኪያ በማንኪያ ነው የምትመለሺው፣
አንዳንዱ ቀን ወደ ኋላ።
ትናንት ግማሽ ሙዝ፣ እያለቀስሽ።
"ጎበዝ" አላልኩሽም፣ ቃል ፈርቻለሁ፤
አጠገብሽ ተቀምጬ ዝናቡን አብረን ሰማን።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።
ያን ሁሉ ጊዜ "አጥቢልኝ" ስትይኝ
ትርፉን ቆርጬ አልጣልኩትም።
እጥፍ በእጥፍ ላይ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ፣
በላላ ስፌት፣ በአንድ ጥርስ የሚበጠስ።
"ጎኔን ይቆረቁረኛል" ያልሽኝ
እሱ ነው።