የጋራ ገመድ

ጄኖቫ ላይ፣ ከወደቡ ሽቅብ ሲወጣ፣
ሰፈራችን ጠባብ ነው፤ ፀሐይ እንኳ ስትመጣ
ትከሻዋን ሰብስባ፣ ጎኗን አጥፋ፣
ሩብ ሰዓት ቆይታ ነው የምትጠፋ።

በኛ መስኮትና በማዶው መስኮት መካከል
አንድ ገመድ አለ፣ የሁለት ቤት እኩል፤
በሁለት መዘውር ላይ ዞሮ የሚመለስ፣
የኔን ወደኔ ስስብ፣ የሷ እቤቷ የሚደርስ።

ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ሰኞ በመጣ ቁጥር ትታያለች ከመስኮቷ፤
ፎጣ ታሰጣለች፣ ሽርጥ፣ ጓደኛ ያጣ ካልሲ፤
ከዚያ በመጨረሻ የባሏን ሰማያዊ ሸሚዝ።
አቲልዮ ከሞተ ሰባት ዓመት አለፈው፤
ሸሚዙ ግን እጁን ይዘረጋል ንፋስ ሲያልፈው።

በኛ በኩል ደግሞ፣ እኔና ስንዱ፣
ሦስት ሳምንታችን፣ አንድ ቤት ሆነን ሲለያይ መንገዱ።
መነሻው? ረሳሁት። የጋዝ ቢል ይመስለኛል።
እሷን ብትጠይቁ ሌላ ይነገራችኋል።
ጀርባ ለጀርባ ሆነን ሌሊቱ እያደረ፣
ብርድ ልብሱ መሐል ላይ ድንበር ሆኖ ቀረ።
እኔ ከመርከብ ጥገናው ደክሜ መጥቼ ስበላ፣
እሷ ወደ ሥራዋ፤ በሩ ብቻ ይናገራል ከኋላ።

አንድ ሰኞ አሮጊቷን ጠየቅኋት በድፍረት፣
በተሰባበረ ጣልያንኛ፣ አንገቴን አውጥቼ በመስኮት፦
«ማንም የማይለብሰው ለምን ይታጠባል?
ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ቆሻሻ ይለቃል?»
ሳቀች። ጥርሷ መካከል መቆንጠጫ ነበር፤
አውጥታ ያዘችው፣ ለመናገር።
«ቁም ሳጥን ካስቀመጥኩት ቁም ሳጥን ይሸታል፤
አቲልዮ በዕድሜው መቼ ቁም ሳጥን ሸቶ ያውቃል?
ሳሙናና ንፋስ፣ ትንሽም ዓሣ ይሸት ነበር፤
ዓሣውን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሌላው እንዳለ ይኑር።»

ፍቅር ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበረ፣
በመሐላ የቆመ፣ በሰው ፊት የታሰረ።
ለካስ ይቆሽሻል፣ ይነከራል፣ ይታሻል፣
ይጨመቃል፣ ይሰጣል፣ ዝናብ ሲያጉረመርም ይነሣል፤
ደግሞ ሰኞ ይመጣል።
በኛ ፊደል «ይሰጣል» ብዬ ብጽፍ፣ ሁለት ነው የሚነበበው፦
አንዱ ገመድ ላይ የሚውለው፣
አንዱ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው።

ኅዳር ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ድንገት ሰማዩ ተናደ።
ኤርሲሊያ ክሊኒክ ሄዳለች፣ መስኮቷ ተዘግቷል፤
ሸሚዙ ከገመዱ መሐል ብቻውን ይወራጫል።
በላይኛው ሳብኩ፤ ራቀ። ደግሜ ሳብኩ፤ ጭራሽ ራቀ።
«በታችኛው ነው» አለች ስንዱ ከኋላዬ፣ መጥረጊያ ይዛ፤
ድምፅዋ ሦስት ሳምንት ያላፈሰሰ ቧንቧ ይመስል ሻከረ።
«በየትኛው?» «በታችኛው! ቀስ! አትጎትተው!»
«ያዢው!» «ያዝኩት!» «ልልቀቀው?» «እንዳትለቅ!»
ሽማግሌ ሳይገባ፣ ካሣ ሳይቆረጥ፣
እንዲህ ተነጋገርን፣ እስከ ወገባችን በዝናብ ተንጠልጥለን።
የኛ አንሶላ ሄዶ ከማዶው ግድግዳ ተለጠፈ፤
የትራሱ ልብስ ወደቀ፤ ከታች አንድ ሰው ተሳደበ።
ሸሚዙ ግን ገባ።

ስንዱ ወንበር አምጥታ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ትከሻውን አስተካክላ ለመደገፊያው አለበሰችው።
ያን ማታ ከኛ ጋር በላ ማለት ይቻላል፤
እጅጌው ወደ ታች ወርዶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ጨዋ እንግዳ።
እንግዳ ፊት ደግሞ አይኮረፍም።
«ጨው አነሰው?» አለችኝ።
«ይበቃዋል» አልኩ። አልበቃውም ነበር።
አንሶላችን ማዶ አደረ፤
ከባዶ ፍራሽ ላይ የቀረውን ነገር
ብርዱ ጨረሰው።

ማክሰኞ አጥፌ ወሰድኩላት፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።
«ሽንኩርት» አለች፣
ተመልሳም ከገንዳው ነከረችው።