የቆሎ ጥቅል

የእኔ ሥራ ይሄ ነው፦ ከማዘጋጃው ጀርባ፣
ጦሳ ጉም ሲለቅብን፣ እርጥበት ሳይገባ፣
መዝገብ ከመደርደሪያ ማውጣት፣ ማናፈስ፣
አይጥ የበላውን መጥረግ፣ የቀረውን መዳሰስ።

የውሃ ቆጣሪ ደብተር፣ የቤት ግብር ደረሰኝ፣
የሙጋድ ሰው አቤቱታ፦ «ጎረቤቴ ቦይ አዞረብኝ»፣
የትምህርት ቤት ስም ጥሪ፣ «ቀሪ» የሚል በቀይ፣
አንዱ ልጅ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሰኔ አልመጣም ወይ?
ቀብድ ተከፍሎባቸው ከፎቶ ቤት ያልተወሰዱ፣
ዛሬም ቆመው የሚጠብቁ ሙሽሮች፣ አልወለዱ፣ አልከበዱ።

የጎደለኝ አንድ ነው፦ የዳውዶ ቅሬ መዝገብ፣
የስድሳ ስድስቱ፣ ስሙን ሽማግሌ የማይጠራው ረሀብ።
ጸሐፊው አበጋዝ ሲሞት፣ ልጆቹ ቤት ሲካፈሉ፣
ሣጥኑን ለባለ ሱቅ በኪሎ መዝነው ጣሉ፤
«ዘይት ያልነካው፣ ደህና ወረቀት ነው» ብለው ሸጡት አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ፣ ቧንቧ ውሃ ታክሲ ስጠብቅ፣
ከሉባባ ቆሎ ገዛሁ፣ ሱፍ ያለበት፣ ትኩስ፣ ድብልቅ።
ሲያልቅ ጥቅሉን ፈታሁት (ልማዴ ነው፣ ያገኘሁትን ማንበብ)፣
ሰማያዊ ቀለም፣ ቀጥ ያለ፣ የአበጋዝ እጅ፣ የአበጋዝ መዝገብ።

ስም፦ ያልታወቀ። ሴት።
የአባት ስም፦ —
አገር፦ ከላይ፣ በእግር የመጣች።
ሃይማኖት፦ መጠየቅ አልተቻለም።
መግነዝ ወይም ከፈን፦ አቡጀዲ፣ ስድስት ክንድ፣ ከቅሬው ሣጥን።
ለቀስተኛ፦ መላው ቅሬ።
ቅጣት፦ የለም፤ የቀረ የለምና።
የተቀበረችው፦ በ

እዚህ ላይ ነው የተቀደደው። «በ» ይልና ከዚያ ጨው፣
ከዚያ የሽምብራ ቅርፊት፣ ከዚያ የራሴ ጣት ነው።

ሮጬ ተመለስኩ።
«ሉባባ፣ ይሄን ወረቀት ከየት ነው ያመጣሽው?»
«ከጋሽ ጦይብ ሱቅ ነዋ። ቆሎው አልጣመህም? መልሰው!»

የቀረውን በሙሉ ገዛሁ። አሥራ አንድ ጥቅል።
ስምንቱ የሂሳብ ደብተር፣ የሆነ ልጅ፣ በቀይ ኤክስ የሞላ፤
ሁለቱ የሎተሪ ማስታወቂያ። አንዱ የቅሬው ነው፣ ግን ሌላ፦
ድንኳን ተውሶ ካስማ የሰበረ፣
ሁለት ብር ተፈርዶበት፣ በምሕረት የቀረ።

ሼህ ሙሄን ሄጄ ጠየቅኋቸው። «እንዴት ይጠፋኛል?» አሉኝ፣
«እኛ ዘንድ ናት። ያን ቀን ስቆፍር የቆሰለ እጄ ነው፣ ሲበርድ ዛሬም የሚያመኝ።»
ወይዘሮ ስንቄ ግን ይዘውኝ ሄዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፦
«ይቻት! ከዚች ጽድ ሥር።
ለፍትሐቷ ስሙኒ ስሙኒ ያዋጣነው እኛ፣ በዚያ ሁሉ ችግር።»

ሁለቱም አልዋሹ ይሆናል። ያን ዓመት ስንት «ያልታወቀች» ነበረች?
ወይስ አንዲት ሴት ናት፣ ለሁለት ደጅ ለቅሶ የበቃች?

እንዴት ልመዝግባት እኔ? ካርዱ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።
አለቃዬ «አንዱን ምረጥና ዝጋው» ይላል፤ እሱ መዝጋት ነው የሚቀናው።
በእርሳስ ጻፍኩት፣ ሁለቱንም። እርሳስ ይጠፋል፣ አውቃለሁ፤
ለቀለም የሚበቃ እርግጠኝነት ግን ከየት አመጣለሁ?
ቅዳጁን ካርዱ ሥር፣ «በ»ን ከነጨዋ አስቀመጥኩ፤
ሙጫ አላስነካሁትም። ጎንበስ ብዬ አንድ ጊዜ አሸተትኩ።

አሁን በየቀኑ ቆሎ እበላለሁ። መንጋጋዬ አልቋል።
ሉባባ ከሩቅ ስታየኝ ትስቃለች፣
ጥቅሎቿን አንድ በአንድ ገልብጣ
«ይሄኛው ሰማያዊ ነው» ትላለች።

የዛሬው ገጽ ባዶ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ አገር፣ ብሎ
አበጋዝ መስመር አስምሮ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ሳይሞላ የተወው።
ያን ቀን ማንም አልሞተም?
ወይስ ጸሐፊው ራሱ ቀብር ውሎ?