ፊደል ማጥፋት

ቀን ቀን ማመልከቻ እተይባለሁ፤
"ጉዳዩ፦ ስለ ይዞታ"፣ "ጉዳዩ፦ ስለ ካሣ"፣
ገጹን በሃያ ብር፣
መናኸሪያ ጀርባ፣ ሀዋሳ።

ሲመሽ ሌላ ሰው ነኝ። ስሜ ማንደፍሮ ነው፣
ሚስቱን የቀበረ፣ ጉልበቱን የሚያመው።
ሁሉንም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤
ሕመም የሌለውን ሽማግሌ ማን ያምነው?
ሐይቁ ዳር ሸንበቆው ማታ ተነቅሎ
ጠዋት ቆርቆሮ በቅሎ ያየ፣
ማን እንዳስነቀለ፣ ማን እንደ ፈረመ
በስም፣ በካርታ ቁጥር የለየ።

ሲም ካርዱ የሟች አክስቴ ነው፣
ነፍሷን ይማርና፤
ሙት ለቃል አይጠራም።
ስልኩን ቤቴ አልከፍትም።
አሞራ ገደል እወርዳለሁ፣ ዓሣ ሲመዘን፣
ሻጭና ገዥ ሲጯጯሁ፤
አባ ኮዳ ጎኔ ቆሞ፣ ትከሻውን እንደ ዳኛ ሰብስቦ
አንጀት ሲጠብቅ፣
እኔ ልኬ፣ ባትሪውን ነቅዬ፣ ግማሽ ኪሎ ገዝቼ እመለሳለሁ።

ሰውን የሚያስይዘው ግን ስልክ ብቻ መሰላችሁ?
ፊደልም ጣት አለው፣ አሻራ ይተዋል።
እኔ የጋሽ ዳንጊሶ ተማሪ ነኝ፤
"ሥራ" በንጉሡ፣ "ሰላም" በእሳቱ፣
"ጸሎት"ና "ፀሐይ" በየራሳቸው ቤት፣
ጠመኔ በነከሰው ጣታቸው
አንድ በአንድ ያስያዙኝ።
በዚህ ከተማ እንዲህ የሚጽፍ ስንት ቀረ?
ብንሰበሰብ አንድ ባጃጅ አንሞላም።

ስለዚህ ማንደፍሮ ፊደል አይለይም።
"ሕዝብ"ን በሃሌታው፣ "ዓሣ"ን በአልፋው፣
"ሥልጣን"ን በእሳቱ ያጠፋል፤
"ስለሆነም" የቀን ቃሌ ነው፣
እሱ "እንግዲህ" ብሎ ያልፋል።
መጀመሪያ እጄ እምቢ ብሎ ነበር፤
አጥቤ ያለበስሁትን ልጅ
መልሼ ጭቃ እንደ መንከር።

"ማንደፍሮ ወንድ ነው" አለ የእኅቴ ባል ታረቀኝ፣
ባጃጁን እየወለወለ፤
"ሴት እንዲህ አትደፍርም" ብሎ
በእናቱ ስም ማለ።
እኅቴ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ።
ከልቤ መሣቄን ሳይ ደነገጥሁ።

ማክሰኞ አንድ ጫማው ያበራ ሰው መጣ፣
ሁለት ገጽ ዘረጋ፤ የኔው ነበር።
"አርባ ኮፒ" አለኝ። "ይህን ውሻ ታውቂዋለሽ?"
"የሰው ጽሑፍ አላነብም" አልሁት፣
"እገለብጣለሁ እንጂ።"
አርባ ጊዜ ብርሃን በገዛ ቃሌ ላይ ሄደ፤
በሠላሳ ስድስተኛው ማሽኑ ወረቀት በላ፣
ጎንበስ ብዬ አወጣሁለት።
ከፈለ። ደረሰኝ ጠየቀ።
ጻፍሁለት፣ ፈረምሁ፦
ዘርትሁን።

ኀሙስ ጋሽ ዳንጊሶ ገቡ፣ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው።
ከአርባው አንዱ ደርሷቸዋል፤
በቀይ እስክሪብቶ አርመውታል።
"ሃያ ሦስት ስሕተት" አሉ።
"ፊደል የማያውቅ ሰው፣ ልጄ፣
አንዳንዴ ተሳስቶ ልክ ይጽፋል።
ይህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልቀናውም።
እንዲህ አጥርቶ ለመሳሳት
ልኩን ማወቅ ይጠይቃል።"

የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ይሰማ ነበር።

"ለማንም አላሳየሁም። ዛሬ ማን ያርማል ደግሞ።
የምታውቂው ሰው ከሆነ ንገሪው፣
እንደ ድኻ ዕድል፣ አልፎ አልፎ ይቅናው።"
ወረቀቱን አራት ላይ ቀደው ኪሳቸው ከተቱ።
በሩ ላይ ጥላ አየሁ።
ጮክ አሉ፦ "ጉዳዩ፦ ስለ ጡረታ! ጻፊ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ?"

በዚያ ሌሊት ማንደፍሮ "ሕዝብ"ን አራቴ አጠፋው፤
በአምስተኛው በሐመሩ ሐ ጻፈው።
ከመላኬ በፊት
ያቺን ፊደል ብዙ አየኋት፤
እኅቴን መንገድ ላይ አግኝቼ
ሰላም ሳልላት እንዳለፍኋት።