«ተስፋ መቁረጥ» የሚለው ዓምድ

ጥር ነው በኩኦፒዮ፤ ንጋቱን የረሳ ማታ፣
ሲርካ ጓንቷን አጥልቃ፣ ገንዳውን ተጠግታ
ሰዓት ትይዛለች።

ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ግድግዳው ብርጭቆ፣
ወለሉን አይነካም እግር፣ ቢዘረጋም ተጨንቆ።
መጀመሪያ ስፕራግ ዳውሊ፤ ነጭ፣ ሰፊ ጀርባ፣
መስታወት እየቧጨረ፣ ሲወጣና ሲገባ።
ቀጥሎ ዊስታር ኪዮቶ። ገባ። ትንሽ ዋኘ።
ከዚያ ዝም። አፍንጫው ብቻ ከውሃ በላይ ተገኘ።
እጆቹን ሰበሰበ፣ ጅራቱ ቀጥ አለ፣
እንደ ረገፈ ቅጠል ገንዳው ላይ ዋለለ።

መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ አለ ለዚህ ዝምታ፤
«ተስፋ መቁረጥ» ይላል፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ
በሰከንድ የሚሞላ።

ዶክተር ኦይቫ ወጣት ነው፤ ቁጥር ይወዳል።
«ዘሩ ነው» ይላል፣ «የኪዮቶው ልቡ ቶሎ ይከዳል፤
ደም ግፊታሙ ዘመዱ ግን ሌሊቱን ሲዞር ያድራል።
ሃያ ትውልድ ሙሉ ወንድም ከእህት ሲዳቀል
አንድ አይጥ ነው የሚቀረን፣ ለመቶ ሳጥን ቢታደል።»

ዘር ከልጓም ይስባል፤ ይህን ሲርካ አትክድም፣
ሃያ ዓመት ሳጥን ጠርጋ፣ ታውቃለች የአይጥን ደም፤
ማን ጣት እንደሚነክስ፣ ማን ጥግ እንደሚይዝ፣
ማን ከመዳፏ ላይ እንደሚወስድ ለውዝ።

ዛሬ ግን ሰዓቱን ይዛ ሌላ ውሃ ትዝ አላት፤
ካላቬሲ ሐይቅ፣ ኅዳር ላይ፣ በረዶው ገና የሳሳበት።
ኤሮና ታኔሊ፣ መንትዮቹ፣ እናት የማትለያቸው፣
ወንድሞቿ፣
ከነመንሸራተቻ ጫማቸው በረዶው ሲከዳቸው።
ታኔሊ ታገለ። ጮኸ። ጠርዙን በጥፍሩ ሰበረ።
ኤሮ በጀርባው ተኝቶ ትንፋሹን ቆጠረ።
ገመድ ይዞ የደረሰው ጎረቤት አንዱን አወጣ፤
ኤሮ አውቶቡስ ይነዳል፤ ባለፈው ቅዳሜም ሳውና መጣ።

አንድ ደም፣ አንድ ማሕፀን፣ አንድ የበረዶ ቀዳዳ፤
ዘር ነው ከተባለማ፣ የማን ዘር የማንን ከዳ?

አምስተኛው ደቂቃ ሞላ። ሲርካ አወጣችው፣
በፎጣ ጠቅልላ መብራት ሥር አስቀመጠችው።
ልቡ ጓንቱን ዘልቆ ይመታል፤ ፈጣን፣ ያልተቆረጠ።

ሁለት መቶ ስልሳ አራት። ጻፈች። ቁጥር አይዋሽም እንጂ
ስሙን የሚያወጣለት ሌላ ነው።
የዓምዱን አርእስት ሰርዛ፣ በእርሳስ፣ ከመስመሩ ሥር
«ተንሳፈፈ» አለች።

ኦይቫ ነገ ያየዋል፤ በላጲስ ያጠፋው ይሆናል።
ውጭ፣ ሐይቁ ላይ፣ በረዶው ሲሰነጠቅ ይሰማል።