ደንገሉ ሳይታጨድ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ማዶ ያይደለ፣ ከሐይቁ ዳር ጓዳ፣
አርባ ሁለት ካርድ ለጥፌያለሁ ከግድግዳ።
ከስኳር ካርቶን ነው፣ በመቀስ የቆረጥኩት፣
ትዕይንት በትዕይንት በስክሪፕቶ የሞላሁት።

ትርንጎ ናት ባለታሪኬ፣ የጀልባ ነጂ ልጅ፤
ካርድ አንድ ላይ ቆማለች፣ ፀጉሯን ስትሠራ ከደጅ።
ሰባት ላይ ታለቅሳለች፣
ሃያ ሦስት ላይ በዝናብ ትሳሳማለች፣
ሠላሳ ላይ ሆስፒታል፣ ሠላሳ አንድ ላይ ሰርግ፤
ምን እንደምትፈልግ
ግን የትም አልጻፍኩም።

ፕሮዲውሰሩ ስመኘው በየማታው ደውሎ፣
«ስክሪፕቱስ?» ይለኛል፤ «ሊያልቅ ነው» እላለሁ ቶሎ።
ውሸቴን ነው።
«ውስጥ፣ ሌሊት» ብዬ ጽፌ
ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ፣ ውስጥ፣ ወንበር ተደግፌ።

ሲመረኝ ወረድኩ ወደ ውሃው ዳርቻ።
ጋሽ ይማም ተቀምጧል፣ ማጭዱ ከጎኑ ብቻ።
ታንኳ ሊሠራ ነው፤ ደንገሉ ግን እንደቆመ፣
ጎንበስ ብሎ አየው፣ ቀና አለ፣ ዝም አለ፣ ደገመ።
«ለምን አታጭድም፣ ፀሐዩ ሳይከርር?»
አልሰማኝም፤ ታንኳ ካዘዘው ጎረምሳ ጋር ነበር።

«ምን ልትጭንበት ነው?» «እንጨት።»
«ከየት?» «ከዘጌ፣ ለገበያው ቀን፣ በሌሊት።»
«ስትመለስስ?»
ጎረምሳው አቀረቀረ፣
በእግሩ ጣት አሸዋውን ጫረ።
«ስትመለስ ባዶህን ነህ?
ወይስ ሰው አለ የምታመጣው አብረህ?»
«አንዲት ልጅ… አለች» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።
ጋሽ ይማም ሳቀ፣ ማጭዱን አነሳ፣ ጉልበቱን ታግዶ፤
«እንዲያ በለኛ! ወርዱ ተለወጠ፣
ለእንጨት ቢሆን ጠባብ ነበር የሚቆረጠ።»

ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ እንደ ቀልድ፣ ሲተነፍስ፦
«ማሰርማ ማንም ያስራል፣ ገመድ እስካለው ድረስ፤
ጉዱ የሚታየው መሀል ሐይቅ ሲደርስ።»

ስመለስ፣ ነፋስ ከወዲያኛው ዳር ያመጣው
አንድ ክምር እንቦጭ ድንጋዩን ታኮ ቆሟል፤
አብቧል፣ ሐምራዊ ነው፣ ያምራል።
ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል።
ከሥሩ ግን ውሃው ትንፋሽ አጥሮታል።
ካርድ ሃያ ሦስትን አሰብኩት፤ ዝናቡን፣ መሳሳሙን፣
ሳልጽፈው የመረጥኩለትን ሙዚቃውን።

ማታ ነቀልኩ። ዝናቡን ነቀልኩ።
ሰርጉን ከነአጃቢው ነቀልኩ።
ሆስፒታሉ ላይ እጄ ቆመ።

እሱ ልብ ወለድ አይደለም፤ የእናቴ አልጋ ነው፣
የግሉኮሱን ጠብታ እስከ ንጋት የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤
ነርሷ «ውጣ» ስትለኝ ጫማዬ ያቃጨለብኝ።
ግን ትርንጎ እናት አልሞተባትም።
የኔን ሐዘን በሰው ልጅ ጀልባ ምን አስጫነኝ?
አጠፍኩት፣ ከደረት ኪሴ ከተትኩት።
ሌላ ታንኳ ይፈልጋል፣ ሰፋ ያለ።

ግድግዳው ላይ አራት ቀረ፦

አባቷ ጀልባውን ሸጠ፣ ሳይነግራት።
እሷ አወቀች፤ ለገዢው ተቀጥራ
የገዛ ጀልባዋን በቀን ሂሳብ ትነዳለች።
መሀል ሐይቅ ሞተሩ ጠፋ፤ ማዕበል፤
አባቷ አለ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ከተሳፋሪው መሀል።

አራተኛው ባዶ ነው።
ሙጫው ላይ ትንኝ ተጣብቃለች።
እስኪነጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣
ከዚያ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ «ስትመለስስ?» አልኩ።

ስልኩ ጮኸ። ስመኘው ነው።
«ጀመርክ?»
በመስኮቱ ጋሽ ይማም ይታየኛል፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ፣
የመጀመሪያውን እፍኝ ያጨደውን ሲያሰጥ።
«ደንገሉን እያየሁት ነው» አልኩት።

ዝም አለ።
«ምኑን?»