ስንት ሰዓት ይዘልቃል?

ቅዳሜ ገበያ፣ ከፕላስቲክ ተራ፣
የበረዶ ሣጥን ከፈትኩ በየተራ፤
ሰማያዊው ጋ ስደርስ ቀረሶ ሸተተኝ፣
«ታጥቧል እኮ» ብሎ በእጅጌው አብሶ ሰጠኝ።

«በረዶ ከሞሉት ስንት ሰዓት ይዘልቃል?»
«ዓሣ ነው? አትስጊ፤ ጎንደር ድረስ ይበቃል።»
«ወተት ነው።»
«የላም ነው?» ሲል ገና
ሸሚዜ ረጠበ፣ ጡቴ መለሰና።

አቀረቀረ።
«ይኼማ አይሆንሽም፣ ዓሣ ይዞ ነበር»
ብሎ ቀይ አወጣልኝ፣ ከነማሰሪያ ክር።

ሰኞ ከደቅ ስመለስ፣ በቀኜ የክትባት
የመንግሥቱ ሣጥን፤ በግራዬ የእናት።
ያን ሁሉ ውሃ ስናቋርጥ፣ ያን ሁሉ ማዕበል፣
ነጠላዬን አለበስኳት፣
ብርጭቆ የማትሞላ የትርንጎ ምሳ እንዳትሞቅብኝ ስል።