ካርታ የለህም

ወንጂ መታጠፊያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣
አሮጌ ጎማ ነው የደጄ ምልክቴ፤
ሦስቱን ደራርቤ፣ ኖራ ለቅልቄአቸው፣
«ጎሚስታ» የሚል ቃል በጣት ጽፌባቸው።

ጎማው ጤና ሆኖ ሰው ይቆም ነበር፣
ክንዱን ከመስኮቱ አውጥቶ ሲቸገር፦
«ጋሼ፣ አሰላ በየት? ሶደሬስ በየት ነው?»
እኔም ካለሁበት፣ ሚስማሩን ስነቅለው፣
በመፍቻ እጠቁማለሁ፦ «ቀጥ በል፣ ቀጥ በል፣
ጋሪ ሲበዛብህ ታጠፍ በግራ በኩል፤
ውሻ አለ፣ አትፍራው፣ ለማዳ ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ እዚያ ሰው ጠይቀው።»

መንገድ እንዲህ ነበር። ከሰው ወደ ሰው፣
እንደ ተበሳ ከመነዳሪ፣ በልጥፍ የሚቀጠለው።

ዘንድሮ ሁሉም ስልኩን ሰክቷል ከመሪው አጠገብ፣
ገና ከግቢው ሳይወጣ መድረሱን የሚያስብ።
አይሱዙ የሚነዳው ሲራጅ አሳየኝ፦
«መነሻ፣ አዳማ። መድረሻ፣ ሀዋሳ። እየኝ!
በሞጆ ከሄድኩኝ ሰዓቱ ይኸውልህ፣
በአሰላ ከዞርኩኝ ናፍጣው ይኸውልህ፤
ዝዋይ ላይ ምሳ፣ ሻሸመኔ ላይ መጨናነቅ፤
ዘንድሮ፣ ጋሼ፣ ሳይነዱ ነው ማወቅ።»

ሰማያዊ መስመር፣ ቀጭን፣ እንደ ደም ሥር፣
በደጄ ታልፋለች ደጄን ሳትቆጥር።
ግሪሱን ከሱሪዬ ጠርጌ፣ ጣቴን አሳረፍኩበት፤
ግራጫ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ የለበትም፣
ባዶ ሜዳ አረፈበት።

ማታ ለልጄ ለሌንሳ ነገርኳት።
ሳቀች። «አንተንም እናስገባሃለን»፣ ቀላል ሆነላት።
በሆዷ ተኝታ ስሜን ጻፈችው፣
«የዱጉማ ጎማ ጥገና» አለችው፤
ኔትወርኩ ሲቆራረጥ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣
ጣቷ አዳልጧት ይሁን እንጃ፣ አንድ ቀይ ጠብታ
ወጣ።

ሳምንት ጠበቅሁ። ዝንብ እንኳ ዝር አላለ።
በአሥረኛው ቀን አንዲት ቪትዝ፣
ጎማዋ አልቆ በቸርኬዋ እያዘገመች፣
ሾፌሯ ወርዳ በሩን በኃይል ዘጋች፦
«ዱጉማ አንተ ነህ? ምነው እንዲህ መጥፋት?
ስልኬ ሸንኮራ መሀል ከተተኝ እኮ፣ በእኩለ ሌሊት!
'መድረሻዎ ደርሰዋል' አለኝ። የት ነው የደረስኩት?
ከሸንኮራ በቀር ምንም የለም ያየሁት።
አንድ ሲኖ ደግሞ ቆሞልሃል እዚያው፣
ሾፌሩ ሸንኮራ እየመጠጠ፣ አንተን ሲጠባበቅ ከማታ ጀምሮ ነው።»

ሌንሳ ልታስተካክል ስትነካካው አመሸች፤
«'ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው' ይላል፣ አባ» አለች።
ይህችን ቃል አውቃታለሁ። የቀበሌ ቃል ነች።
ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከመስኮት መስኮት ሲያመላልሱኝ፣
«ካርታ የለህም» ብለው ፋይሌን ዘጉብኝ።
አሁን ደግሞ ካርታው፣ እሱ በራሱ እጅ፣
ወንጂ ላይ መሬት ሰጠኝ፣ ያለ ሊዝ፣ ያለ አማላጅ!

ምን ይባላል? የሰጠውን መቀበል ነው።
ቅዳሜ ጋሪ ተከራየሁ፣ ኮምፕሬሰሬን ጫንኩት፣
ክሪኬን፣ መፍቻዬን፣ የውሃ ገንዳዬን ከላይ ደፋሁት፤
ሦስቱ ጎማዎች እንዳይወድቁ በሲባጎ ታሰሩ።
ኮረብታው ላይ የነፋስ ወፍጮዎቹ ይዞሩ፣
እንደ ሰከረ ትራፊክ እጅ ያወናጭፋሉ፣
በዚህ ነው፣ በዚያ ነው፣ በሁሉም ነው ይላሉ።

ጋሪ ነጂው «ወዴት?» አለኝ። ስልኩን ሰጠሁት፤
አየው፣ አገላበጠው። እኔም በመፍቻ ጠቆምኩት።

ሸንኮራው መሀል፣ ጠብታዋ ካለችበት፣
ጎማዬን ደርድሬ፣ በርጩማዬን ዘረጋሁበት።
ቅጠሉ ይንሿሿል። አቧራው እዚህ የለም።
የመጀመሪያው ደንበኛ ሲመጣ ፀሐይ ልትገባ ነው፣
ነጭ ሚኒባስ፣ መብራቱ አንድ ዓይና ነው፤
ስልኩ ከውስጥ «ደርሰዋል» ሲል እኔም ሰማሁት።
ክሪኩን አንስቼ፣ አራቱንም እግሯን በዓይኔ ዞርኩት።

ጎማው ጤና ነው።

ሾፌሩ ክንዱን በመስኮት አወጣ፣ አየኝ፣
ስልኩን ደፍቶ ጭኑ ላይ፣ ዝቅ ብሎ ጠየቀኝ፦
«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከዚህ መውጫው በየት ነው?»